ሪካስቲንግ ምንድን ነው? የፊልም ዕቃ ሠሪዎችን የሚያጣላው ኮፒ

አንድ ሰው ፊልም ላይ ያየውን የራስ ቁር ለወራት ቁጭ ብሎ በጭቃ ይቀርፃል። ሲጨርስ ሲሊኮን በተባለ፣ ፈስሶ እንደ ላስቲክ በሚረጋ ነገር ቅርፅ ማውጫ ይሠራለታል። ሬዚን የተባለ፣ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚጠነክር ፈሳሽ ይሞላበታል፣ ሲደርቅ አውጥቶ ያጸዳዋል፣ ለጥቂት ሰዎችም ይሸጣል። ከገዢዎቹ አንዱ ግን ዕቃው እጁ እንደገባ ሲሊኮን ገዝቶ ላዩ ላይ ያፈስበታል። የራሱን ቅርፅ ማውጫ አወጣ ማለት ነው። ከዚያ ሬዚን እየሞላ በግማሽ ዋጋ ይቸበችበዋል።

ይህ ሁለተኛው ሰው ያደረገው ነገር ሪካስቲንግ ይባላል። ሌላ ሰው ለፍቶ የሠራውን ሬፕሊካ (የፊልም ዕቃ አምሳያ)፣ ያለፈቃዱ፣ በቀጥታ ከዕቃው ላይ ቅርፅ አውጥቶ ማባዛት ነው። የፊልም ዕቃ ሬፕሊካ በሚሠሩና በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ከዚህ የከበደ ክስ የለም። ስሙ በዚህ የተነሳ ሰው ዕቃውን የሚገዛው ያጣል፣ የድሮ ጓደኞቹም ይርቁታል።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። «ቆይ፣ ሁላችሁም የፊልም ድርጅቱን ዕቃ ኮፒ እያደረጋችሁ አይደል እንዴ? ታዲያ እርስ በርስ ሌባ መባባሉ ከየት መጣ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ተድበስብሶ መታለፍም የለበትም፤ ምክንያቱም የዚህ ሙያ ጠብ ሁሉ የሚነሳው ከዚሁ ነው።

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ፊልሙን ፖዝ እያደረጉ መሳል አይበቃም። ሰፊ ማዕዘን ባለው ሌንስ በቅርብ የተነሳ ፊት ይለጠጣል፣ ከሩቅ በረጅም ሌንስ የተነሳው ደግሞ ይጨፈለቃል። ስለዚህ አንዱን ዕቃ ከሁለት ፎቶ ብትለኩት ሁለት የተለያየ መጠን ይሰጣችኋል። ሠሪው መጠኑ የታወቀ ነገር ፎቶው ውስጥ ይፈልጋል፤ ብሎን ሊሆን ይችላል፣ የካሜራ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ተነስቶ የቀረውን ያሰላል። ሲሳሳት ያፈርሳል፣ እንደገና ይቀርፃል።

በዚያ ላይ ኦሪጅናሉ ራሱ ቀጥ ያለ አይደለም። በ1977 የወጣው የመጀመሪያው «ስታር ዋርስ» ላይ ያለውን የክፉውን ገፀ ባሕርይ፣ የዳርዝ ቬደርን ጭንብል የቀረፀው ብራያን ሙር ነው። በእጅ ስለተቀረፀ የፊቱ ግራና ቀኝ እኩል አይደሉም። ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል የሆነ ሬፕሊካ ያየ ሰው ወዲያው ይጠረጥራል፦ ይሄ ግማሹ በኮምፒውተር ተሠርቶ ሌላው ግማሽ የተገለበጠበት ነው ይላል። በዚህ ሙያ ትክክለኛነት ማለት ማሳመር አይደለም። የመጀመሪያው ቀራፂ እጅ ያዛነፈውን እንዳለ ማዛነፍ ነው። ይህን ለማወቅ ሰዎች ዓመታት ፈጅተዋል።

የዚያው ፊልም የብርሃን ሰይፎች ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይገርመኛል። የዋናው ጀግና የሉክ ስካይዎከር ሰይፍ እጀታ ግራፍሌክስ የተባለ የድሮ ካሜራ ፍላሽ መያዣ ነው። ሮጀር ክርስቲያን የተባለው የፊልሙ መድረክ አስጌጭ ለንደን ውስጥ ካለ የፎቶ ዕቃ መሸጫ ያገኘው ነው። የሉክ አስተማሪ የሆነው የኦቢ ዋን ሰይፍ ውስጥ ደግሞ ከጠመንጃ የሚተኮስ ቦምብ አለ፣ የሮልስ ሮይስ ጄት ሞተር ቧንቧ አለ፣ የውሃ ቧንቧ መዝጊያም አለ። እነዚህን አንድ በአንድ ለይቶ ማወቅ የብዙ ሰዎች ምርምር ነው። እዚህ ጋ «ኦሪጅናል» የሚለው ነገር ሌላ መልክ ይይዛል፤ ፊልሙ ላይ ያልነበረ ግን ከዚያው ፋብሪካ በዚያው ዘመን የወጣ ግራፍሌክስ የያዘ ሰው፣ የያዘው ዕቃ ኮፒ ነው ወይስ እውነተኛ? እኔ እውነተኛ ነው ባይ ነኝ። አንዳንዱ ደግሞ ካሜራው ፊት ካልቆመ እውነተኛ አይባልም ይላል። (የድሮ ካሜራ ሰብሳቢዎች በበኩላቸው ፍላሾቻቸው እየተቆራረጡ ሰይፍ በመሆናቸው ክፉኛ አዝነዋል፤ እነሱም እውነት አላቸው።)

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ኮፒ አለ ማለት ነው። አንዱ ንድፉን መቅዳት ነው። አይቶ፣ ለክቶ፣ በራስ እጅ እንደገና መሥራት። ሌላው የተሠራውን ዕቃ ራሱን መቅዳት ነው። የመጀመሪያው ዕውቀት ይጠይቃል፣ አዲስ ዕውቀትም ያመጣል። ሁለተኛው የሚጠይቀው አንድ ባልዲ ሲሊኮን ነው። ሠሪዎቹን የሚያናድዳቸው ይሄ ነው፤ ንድፉ የእኛ ነው አላሉም፣ የእኛ የሆነው ልፋቱ ነው ይላሉ።

እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ክርክር አንድ ደካማ ጎን አለው፣ ብዙ ሠሪዎችም ሊያወሩበት አይወዱም። በዚህ ዓለም ከሁሉ በላይ የሚከበረው ሬፕሊካ በእጅ የተቀረፀው አይደለም። ፊልሙ ላይ ከነበረው ዕቃ ላይ በቀጥታ ቅርፅ የወጣለት ነው። ሰዎች «የዘር ሐረጉ ከኦሪጅናሉ ነው» እያሉ ይኮሩበታል፣ ዋጋውም ይንራል። ግን እኮ ድርጊቱ ያው ነው! ብራያን ሙርም ሆነ ሌላው የስቱዲዮ ቀራፂ ለፍቷል፣ አንድ ሰው ደግሞ በዚያ ልፋት ላይ ሲሊኮን አፈሰሰ። አንዱ ሲያደርገው ክብር፣ ሌላው ሲያደርገው ነውር የሚሆነው ለምንድን ነው?

የሚሰጡት መልሶች ይለያያሉ። አንዳንዱ የስቱዲዮው ቀራፂ ደሞዙን ተቀብሎ ጨርሷል፣ የቤት ውስጥ ሠሪው ግን የሚያገኘው ከሚሸጣት ጥቂት ዕቃ ብቻ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ኦሪጅናሉ እየተሰነጠቀና እየፈረሰ ስለሆነ ቅርፁን ማውጣት ታሪክ ማዳን ነው ይላል። ሁለተኛው በተለይ እውነት አለበት፤ አረፋ ላስቲክና ላቴክስ በጊዜ ብዛት ይበሰብሳሉ። ለእኔ ግን ሚዛን የሚደፋው ሌላ ነገር ነው። ከኦሪጅናሉ ቅርፅ ያወጣ ሰው ይህንኑ ይናገራል፤ እንዲያውም የሚሸጠው ይህን ታሪክ ነው። ሪካስት የሚያደርገው ሰው ግን ምንጩን ይደብቃል፣ አለዚያም «እኔ የቀረፅኩት ነው» ይላል። ኮፒው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጠቡ ይህን ያህል መራራ ባልሆነ። ውሸቱ ነው ነገሩን የሚያከፋው፣ ምክንያቱም የአንድን ሬፕሊካ ዋጋ የሚወስነው ከየት መጣ የሚለው ነው፣ እሱ ከተበላሸ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚገዛ ሁሉ የሚይዘው የተሳሳተ ታሪክ ነው።

እንዴት ይታወቃል? እዚህ ላይ ቁሱ ራሱ ይመሰክራል። ሲሊኮንም ሬዚንም ሲደርቁ ትንሽ ይኮማተራሉ። ጥሩው በፕላቲነም የሚረጋው ሲሊኮን የሚኮማተረው ከ0.1 በመቶ ባነሰ ነው። ርካሹ በቆርቆሮ ውህድ የሚረጋው ግን ግማሽ በመቶ ሊደርስ ይችላል። 30 ሳንቲሜትር በሆነ የራስ ቁር ላይ ይህ 1.5 ሚሊሜትር ነው። የሬዚኑም ይጨመርበታል። ከኮፒው ላይ ሌላ ኮፒ ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል፣ ጠርዞች ይደበዝዛሉ፣ ቀጭን መስመሮች ይሞላሉ። በሙቀት ለስልሶ ቅርፅ ላይ በሚሳብ ፕላስቲክ የሚሠራው ግን ሊተልቅም ይችላል፤ ቅርፁ የተወሰደው ከዕቃው የውጭ ገፅ ከሆነ የፕላስቲኩ ውፍረት በላዩ ይደረብበታል።

ከመጠን የበለጠ የሚያጋልጠው ግን ጉድለት ነው። ሬዚን ሲፈስ የአየር አረፋ ይይዛል፣ አረፋውም በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ሌላ ቦታ ያርፋል። አንድ ገዢ በእጁ ባለው ዕቃ ላይ ቅርፅ ካወጣ የዚያ ዕቃ አረፋና ጭረት በኮፒዎቹ ሁሉ ላይ እዚያው ቦታ ይወጣል። ሠሪው የሸጣቸውን እያንዳንዳቸውን ፎቶ አንስቶ ካስቀመጠ፣ ኮፒ የተደረገው የትኛው ዕቃ እንደሆነ፣ ማለትም ለማን የተሸጠው እንደሆነ፣ ለይቶ ማወቅ ይችላል። አንዳንዶቹ ሆን ብለው ማንም የማያስተውለው ምልክት ይተዋሉ፤ ትንሽ ነጥብ ወይም ፊልሙ ላይ የሌለ ጭረት።

ሆኖም በፎቶ ብቻ ተነስቶ ሰውን ሌባ ማለት አደገኛ ነው። ያው ሌንስ የሚያመጣው መዛባት እዚህም አለ። ሁለት ሠሪዎች ሳይገናኙ ከአንድ ምንጭ ተነስተው ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ኦሪጅናሉ ላይ ያለ ጭረት ሁለቱም ላይ ቢገኝ ምንም አያስገርምም። ማስረጃ የሚሆነው ኦሪጅናሉ ላይ የሌለና አንዱ ሠሪ ያመጣው ስህተት ሌላው ላይ ሲገኝ ነው። በስሜት የተወረወረ ክስ የንጹህ ሰውን ስም ያጠፋል፣ ስሙ ከጠፋ በኋላ የሚመልስለት ደግሞ አይገኝም።

ፍርድ ቤትስ? ለተዘረፈው ሠሪ ፍርድ ቤት ብዙም አይረዳውም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ፣ ከሌላ ሰው ሥራ ያለፈቃድ በተወሰደው ክፍል ላይ ለተሠራ አዲስ ሥራ ጥበቃ አልሰጥም ይላል። ፈቃድ ሳይኖረው የሠራው ሰው ሪካስት ያደረገበትን ልክሰስ ቢል፣ አንተስ ማን ፈቀደልህ ተብሎ ይጠየቃል። የፊልም ድርጅቶቹ ግን ሁለቱንም ሊከሱ ይችላሉ። ማርክ ታውል የተባለ ሰው የባትማንን መኪና ሬፕሊካ እየሠራ በ90,000 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። የባትማን ባለመብት የሆነው ዲሲ ኮሚክስ ከሰሰው። በ2015 የአሜሪካ 9ኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መኪናው ራሱ እንደ ገፀ ባሕርይ ጥበቃ አለው ብሎ ፈረደበት።

በእንግሊዝ ግን ሌላ ሆነ። አንድሩ አይንስወርዝ ለ1977ቱ «ስታር ዋርስ» የስቶርምትሩፐር (ነጭ ለባሽ ወታደሮች) የራስ ቁሮችን በፕላስቲክ ያመረተ ሰው ነው፤ የጭቃ ሞዴሉን የሠራው ሌላ ባለሙያ ነበር። ከዓመታት በኋላ አይንስወርዝ ቁሮቹን ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። የፊልሙ ባለቤት ሉካስፊልም አሜሪካ ውስጥ ከሶ 20 ሚሊዮን ዶላር አስፈረደበት፣ ከዚያ ጉዳዩን ወደ እንግሊዝ ወሰደው። በ2011 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የራስ ቁሩ ለፊልሙ ሥራ የሚያገለግል ዕቃ እንጂ የቅርፃ ቅርፅ ጥበብ አይደለም አለ። በዚያን ጊዜው ሕግ ደግሞ የዚህ ዓይነቱ የኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃ አጭር ነበርና ዘመኑ አልፎበታል። ያው ፍርድ ቤት ግን የአሜሪካው የቅጂ መብት በመጣሱ እንግሊዝ ውስጥ መክሰስ ይቻላል ብሏል። አንድ የራስ ቁር ከአንዱ ሀገር ወደ ሌላው ሲሻገር መብቱ የሚለወጥ ከሆነ፣ ሠሪዎቹ በሕግ ፋንታ የራሳቸውን ደንብ ቢያወጡ አይፈረድባቸውም።

አሁን አሁን ደግሞ ሲሊኮንም አያስፈልግም። የተገዛውን ዕቃ ስካን አድርጎ ፋይሉን መሸጥ ይቻላል። ወይም የሌላ ሰው የስሪዲ (3D) የኮምፒውተር ቅርፅ ፋይል ላይ ጥቂት ቦታ ነካክቶ «ዲዛይኑ የኔ ነው» ማለት። የአየር አረፋው ምስክርነት እዚህ አይሠራም፣ መኮማተርም የለም፣ መጠኑ በአንድ ቁጥር ይስተካከላል። የሚቀረው የፋይሉን ገፅታ የሠሩት ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች አቀማመጥ ነው፤ ካልተቀየሩ ከማን እንደመጡ ይናገራሉ። እሱንም የሚያጠፋ ሶፍትዌር አለ።

ሬፕሊካ ልትገዙ ካሰባችሁ ሻጩን ማን እንደቀረፀው ጠይቁት። የጭቃውን ወይም የፋይሉን የሥራ ሂደት ፎቶ አሳየኝ በሉት። ቀርፆ የሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ይሄ ፎቶ አለው፣ እንዲያውም ስትጠይቁት ደስ ብሎት ያልጠየቃችሁትን ሁሉ ይነግራችኋል። ከሌላ ሰው በፈቃድ የወሰደውም ፈቃዱን ማሳየት አይከብደውም። ሳታውቁ ሪካስት ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ መጣል አይጠበቅባችሁም። ስትሸጡት ግን ሪካስት መሆኑን ንገሩ፤ ከውስጥ በኩል በማይለቅ ቀለም ጻፉበት፣ ከእናንተ የሚገዛው ሰው ሲያስተላልፈውም አብሮት እንዲሄድ።