የቆየ የፖርሴሊን ሳህን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፖርሴሊን (በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ጠንካራ ነጭ ሸክላ) የጌጥ ሳህን የወረሰ ወይም የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ገልብጦ የአምራቹን ማኅተም ማየት ነው። ማየቱ ተገቢ ነው፤ ችግሩ ምርመራው እዚያው ላይ መቆሙ ነው። ውዱ በርካሽ የሚሸጠው፣ ርካሹም በውድ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ማኅተሙ ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም»

የጀርመኑ የማይሰን ፋብሪካ በ1710 ተቋቋመ፤ የተመሳቀሉ ሁለት ሰይፎችን በሰማያዊ ቀለም ምልክቱ ያደረገው በ1720ዎቹ ነው። ሌሎች አምራቾች ይህን ምልክት ደጋግመው ቀድተውታል። የቪየናው ፋብሪካ ምልክት ጋሻ ነበር፤ ሲገለበጥ ግን የንብ ቀፎ ይመስላል። ፋብሪካው በ1864 ቢዘጋም «ቀፎው» በሌሎች ሰዎች ሳህን ላይ መታተሙን ቀጠለ። በቻይና ደግሞ በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን (1662–1722) የተሠሩ ዕቃዎች ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነገሠውን የቼንግኋን ስም ይዘው ይገኛሉ። ይህ ሁልጊዜ ማጭበርበር አልነበረም፤ ለቀደመው ዘመን ጥበብ ክብር መስጫም ነበር።

እኔ ከማኅተሙ ይልቅ ሳህኑ የሚያርፍበትን የታችኛውን ክብ ጠርዝ አምናለሁ። ለረጅም ዘመን ሲነሣና ሲቀመጥ የኖረ ሳህን እዚያ ላይ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ የሚሄዱ ጥቃቅን ጭረቶች ይኖሩታል። ጭረቶቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፉ፣ ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተፈተገ ሊሆን ይችላል።

«ከሥር ያለው ቁጥር የተሠራበት ዓመት ነው»

አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የንድፉ ወይም የቅርጹ መለያ ነው። ዓመት ቢሆን እንኳ ድርጅቱ የተመሠረተበት ሊሆን ይችላል። ከቁጥሩ የተሻለ ፍንጭ የሚሰጠው የአገር ስም ነው፤ አሜሪካ በ1890 ባወጣችው ሕግ ወደ ግዛቷ የሚገቡ ዕቃዎች የተሠሩበትን አገር ስም እንዲይዙ አስገድዳለች። ስለዚህ የአገር ስም የታተመበት ሳህን በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ስሙ አለመኖሩ ግን ጥንታዊ ነው ማለት አይደለም፤ ወደ አሜሪካ ያልተላከ ሳህን ግዴታው አልነበረበትም።

«የሠዓሊ ፊርማ ካለበት በእጅ የተሳለ ነው»

ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ይህ ነው። አንጀሊካ ካውፍማን በ1807 ያረፈች ታላቅ ሠዓሊት ነች። ፊርማዋ ግን ከሞተች ከብዙ አስርተ ዓመታት በኋላ በተመረቱ ሳህኖች ላይ ይገኛል፤ ሥዕሉም ፊርማውም አብዛኛውን ጊዜ አብረው የታተሙ ናቸው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይዞ ፊት ላይና ልብስ ላይ ማተኮር ነው። በሥርዓት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ከታዩ ሕትመት ነው። በእጅ የተሳለ ከሆነ የብሩሹ ጉዞ ይታያል፦ ሲጀምር ወፍራም፣ ሲነሣ ቀጭን፣ ቀለም በቀለም ላይ የተደረበ። ሳህኑን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉትም ቀለሙ ከፍ ብሎ ይታያል። ንድፉ ታትሞ ቀለሙ በእጅ የተሞላም አለ።

የታተመ ሁሉ አዲስ ነው ማለትም ስሕተት ነው፤ እንግሊዞች በሴራሚክ ላይ ማተም የጀመሩት በ1750ዎቹ ነው።

«ልባሱ መሰነጣጠቁ የዕድሜ ምልክት ነው»

መስታወት መሰሉ ልባስ የሚሰነጣጠቀው እርሱና ከሥሩ ያለው ሸክላ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይኮማተሩ ነው። አዲስ ዕቃ ላይም ይደርሳል፤ ሆን ተብሎም ይሠራል።

«የተወሰነ እትም ስለሆነ ዋጋው ይጨምራል»

የዴንማርኩ ቢንግና ግሮንዳል የመጀመሪያውን የገና ሳህን ያወጣው በ1895 ነው፤ ያ ሳህን ዛሬም በብርቱ ይፈለጋል። በ1970ዎቹና 80ዎቹ «የተወሰነ እትም» (በተወሰነ ብዛት ብቻ የተሠራ) ተብለው ከምስክር ወረቀት ጋር የተሸጡት ግን ብዙዎቹ ከተገዙበት በታች ይሸጣሉ። «የተወሰነ» የተባለው አንዳንዴ ሳህኑ በምድጃ የሚተኮስባቸው ቀናት ብዛት እንጂ የሳህኖቹ ቁጥር አልነበረም።

«ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ የገበያው ዋጋ ነው»

የተጠራ ዋጋ ምኞት ነው። መታየት ያለበት ተመሳሳይ ሳህን፣ በተመሳሳይ ይዞታ፣ በጨረታ በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ነው። ይዞታውን ስል ወርቁ መፋቁን፣ ጠርዙ መሸረፉን፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅም መኖሩን ማለቴ ነው። በጥፍር ቀስ ብለው ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ስንጥቅ ይፈለግ። ለኢንሹራንስ የሚሰጥ ግምት ደግሞ ዕቃው ቢጠፋ ለመተካት የሚያስፈልገውን ወጪ ስለሚያሰላ፣ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ሲሸጥ ከሚያገኘው ይበልጣል።