ስለ ሂሳብ ሶፍትዌር ሲወራ የምሰማቸው ስህተቶች

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሁሉም ነገር በኤክሴል ተጀመረ።»
ኤክሴል በ1985 ለማኪንቶሽ ሲወጣ ቪዚካልክ የተባለው የሰንጠረዥ ፕሮግራም አፕል 2 ኮምፒውተር ላይ መሥራት ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር።

«ቪዚካልክ የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም ነበር።»
ይህን ከሙያው ሰዎች አፍም ሰምቻለሁ። ሐሳቡ የመጣው ለዳን ብሪክሊን ነው፤ ያኔ የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ኮዱን ቦብ ፍራንክስተን ጻፈው። የሠሩት አንዱ ቁጥር ሲቀየር ከእሱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ መልሶ የሚያሰላ ሰንጠረዥ ነው፤ የመዝገቡን ሁለት ወገኖች፣ ዴቢትና ክሬዲትን፣ አያውቅም። ወጪ ላይ 500 ጽፈህ ከባንክ ሂሳቡ ሳትቀንስ ብትተወው ዝም ይልሃል። የሌጀር (የሂሳብ መዝገብ) ፕሮግራም ግን ሁለቱ ወገን እኩል ካልሆነ ፖስት አላደርግም፣ አልመዘግብም ብሎ ይሟገትሃል።

«ፈጣሪዎቹ በፓተንት ከበሩ።»
ፓተንት አልነበራቸውም። በ1983 ሎተስ 1-2-3 የተባለ ሌላ የሰንጠረዥ ፕሮግራም መጥቶ ገበያውን ወሰደባቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሎተስ ኩባንያ ራሱ ድርጅታቸውን ገዝቶ ቪዚካልክን ከሽያጭ አወጣው።

«ኩዊክቡክስን የወለዱት ሂሳብ ሠራተኞች ናቸው።»
ይህን የንግድ ሂሳብ ፕሮግራም የወለደው የቤት ወጪ ነው። ስኮት ኩክ ባለቤቱ ወርኃዊ ክፍያዎችን መከታተል ሰልችቷት ስትማረር ሰምቶ፣ በ1983 ከቶም ፕሩ ጋር ኢንቱዊትን መሠረተ። የኩባንያው ፕሮግራም ኩዊክን ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው የምናውቀውን የቼክ ቅጠል ነበር፤ ቀኑን፣ ተከፋዩን፣ ልኩን ሞልቶ ማተም ብቻ። ለቤት የተሠራውን ባለሱቆች ለንግዳቸው ሲገለገሉበት ተገኙ። ኩዊክቡክስ በ1992 የወጣው ለእነሱ ነው፤ ዴቢትና ክሬዲትን ከፊት ለፊት አንስቶ ከጓዳ ደበቃቸው። ባለሱቁ ተገላገለ። ዓመት ሲዘጋ የተዘበራረቀውን መዝገብ የሚያቃናው ግን ያው ሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ እኔም ይህን ፕሮግራም የምወደው በግማሽ ልቤ ነው።

«ፒችትሪ ከዊንዶውስ ጋር የመጣ ነው።»
ይኼ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ብዙዎቻችን ማሠልጠኛ ገብተን የተማርነው እሱን ነውና። የአትላንታው የሂሳብ ፕሮግራም ፒችትሪ ከአይቢኤም ፒሲ ኮምፒውተርም ይቀድማል። አይቢኤም ነሐሴ 1981 ማሽኑን ሲያስተዋውቅ፣ አብረው ከተዘረዘሩት ፕሮግራሞች መካከል የፒችትሪ ዋና ሌጀር፣ ተሰብሳቢና ተከፋይ ሂሳብ ነበሩ። ማሽኑ ሃርድ ዲስክ አልነበረውም፤ መዝገቡ የሚቀመጠው 160 ኪሎባይት በሚይዝ ፍሎፒ ላይ ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ እንኳ አትገባበትም!

አሜሪካ ውስጥ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ዘንድ ግን አሁንም ፒችትሪ ነው።