ፕሮስፔክተስ ምንድን ነው?

አንድ ኩባንያ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ሲፈልግ በመሠረቱ ሁለት መንገድ አለው። ወይ አክሲዮን ይሸጣል፣ ወይ ቦንድ የሚባል የዕዳ ሰነድ ሸጦ ይበደራል። አክሲዮን ከገዛችሁ ባለቤት ናችሁ፤ ሲያተርፍ ትካፈላላችሁ፣ ሲከስር አብራችሁ ትከስራላችሁ። ቦንድ ከገዛችሁ ግን አበዳሪ ናችሁ። አተረፈም አላተረፈም ወለዱንና ዋናውን ሊከፍላችሁ ይገባል፣ ቢፈርስም ከባለአክሲዮኖቹ በፊት ለእናንተ ያለበት ዕዳ ይከፈላል።

በሁለቱም መንገድ ኩባንያው ለሕዝብ ከመሸጡ በፊት ስለራሱ እውነቱን ጽፎ ማውጣት አለበት። ፕሮስፔክተስ ማለት ይህ ሰነድ ነው። የደንበኛ ሳቢ መግለጫም ይሉታል። ማን እንደሚመራው፣ በኦዲተር የታየ ሒሳቡ ምን እንደሚመስል፣ ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ ገንዘባችሁን ለምን እንደሚያውለውና ምን ሊያከስረው እንደሚችል እዚያ ውስጥ መገኘት አለበት።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግም አክሲዮን ለሕዝብ ሸጦ የሚመሠረት ማኅበር መግለጫ እንዲያወጣ ያስገድድ ነበር። ያጣነው ሰነዱን አንብቦ «ይህ ጎድሏል፣ መልሰህ አስተካክል» የሚል፣ ሥራዬ ብሎ የሚከታተል ተቋም ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ «በምሥረታ ላይ ያለ» የሚባል አክሲዮን በየሬዲዮው ሲሸጥ፣ ብዙ ሰው ጥሪቱን አውጥቶ ገዝቶ፣ ማኅበሩ ሳይመሠረት ብሩ ውሃ በላው። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ገዢ የነበረው ከደመወዙ ቆጥቦ ወይም ዓረብ አገር ለፍቶ ያጠራቀመ ሰው ነው።

በ2013 ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243 ነው። ሁለተኛው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ሲሆን የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ያቋቋመው እሱ ነው። አሁን ለሕዝብ የሚቀርብ መግለጫ ባለሥልጣኑ ጋ ቀርቦ መጽደቅ አለበት። በውስጡ ሐሰት ከተገኘ ወይም ዋና ነገር ከተደበቀ ደግሞ ያዘጋጁት ሰዎች ሊጠየቁ፣ የተጎዳውም ሊካስ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባለሥልጣኑ አጸደቀው ማለት ኩባንያው ያዋጣል ማለት አይደለም! ሕጉ የሚጠይቀው መነገር ያለበት እንዲነገር ነው፤ አዋጪነቱን የምትመዝኑት እናንተ ናችሁ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ከድርሻው 10 በመቶውን ሲያቀርብ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዋጋውና በቴሌብር እንዴት እንደሚገዛ ነው። መግለጫውን ያነበበው ስንቱ ይሆን?

ሁሉንም ገጽ መጨረስ ካልቻላችሁ ከስጋቶቹ ጀምሩ። ቀጥሎ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል የተጻፈውን ፈልጉ፤ «ለሥራ ማስፋፊያ» ብሎ ብቻ የሚያልፈውንና ማሽኑን፣ ቦታውንና ጊዜውን ዘርዝሮ የሚነግራችሁን አንድ አድርጋችሁ አትዩ። ከዚያ ኦዲተሩ በሒሳቡ ላይ ምን እንዳለ እዩ።

ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚደረግ ሽያጭ መግለጫ ከማውጣት ግዴታ ነጻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጓደኛችሁ በቴሌግራም «ለተመረጡ ሰዎች ብቻ የቀረበ አክሲዮን» ብሎ ከላከላችሁ፣ መግለጫ አለው ወይ፣ ከሌለውስ በየትኛው ሕግ ነጻ ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ባለሥልጣኑ ጋ ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ብሩ ከእጃችሁ ሳይወጣ።