ጌሾ ምንድን ነው? እርሾስ?

ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ ጓደኛዬ ቤት፣ ከውጭ የመጣለትን የቢራ መጥመቂያ ካርቶን ከፈትን። የቤልጅየም ዓይነት ጠንካራ ቢራ ነው። ድንብላልና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ አብሮት አለ። ወፍራሙን የብቅል ሽሮፕ በሙቅ ውሃ እየበጠበጥን ሳለ አንድ በዕድሜ የሚበልጡን ጎረቤት ፌስታል ይዘው ገቡ። «ይሄማ ውሃ ነው የሚሆነው። ይሄን የዘጌ ጌሾ ጨምሩበት፣ ያኔ ያሰክራል» አሉ።

ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ጠላ ቤት እሰማዋለሁ፣ ገበያ እሰማዋለሁ። አሁንስ በዛ። ጌሾ አያሰክርም። አልኮል የሚሠራው እርሾ ነው፤ የሚሠራውም ከስኳር ነው።

ድግስ አስቡ። ብቅሉ የቀረበው ምግብ ነው። እርሾው እንግዳ ነው፤ ስኳሩን ይበላና አልኮልና ጋዝ ያወጣል። ጌሾ ደግሞ በር ላይ የቆመ አጋፋሪ ነው። ፊቱ መራራ ነው። መጠጡን የሚያኮመጥጡትን ባክቴሪያዎች፣ ያልተጠሩትን ማለቴ ነው፣ ይገታል። ሁሉንም ግን አይመልስም፤ ዕቃችሁን በደንብ እጠቡ። ፈረንጆቹ ቢራ የሚያመርሩበት አበባ፣ ሆፕስም፣ ሥራው ይኸው ነው፤ የኛ ሽሮፕ ሆፕሱ ገብቶበት ነው የመጣው። ታዲያ አሥር አጋፋሪ በር ላይ ብታቆሙ ወጡ ይበዛል?

እናቶቻችን ጌሾ ከገባ በኋላ ጥንስሱ ሲነሣ ማየታቸው ግን እውነት ነው። የዱር እርሾ በጌሾው ቅጠልና እንጨት ላይ ተቀምጦ ሊገባ ይችላል። በብቅሉም፣ በጋኑም ይገባል። አጋፋሪው እንግዳ አስከትሎ ገባ ማለት ነው እንጂ ማዕዱን እሱ አልበላውም።

አማርኛችንም ትንሽ ያሳስታል። እሳት ላይ ያለውም «ፈላ»፣ ጋን ውስጥ ያለውም «ፈላ» ነው። የእሳቱ ፍል እርሾን ይገድላል። ስለዚህ እርሾው የሚገባው ሽሮፑ ከበረደ በኋላ ነው።

ወደ ጥንካሬው ልመለስ። የፈሳሹን ክብደት ከውሃ ጋር እያነጻጸረ ስኳሩን የሚጠቁመው መለኪያ፣ ሃይድሮሜትራችን፣ 1.080 አነበበ። እርሾው ስኳሩን በልቶ ይህ ወደ 1.012 ከወረደ አልኮሉ 9 በመቶ ገደማ ይሆናል። ድግሱ ትልቅ ነው ማለት ነው። እንግዳው ጥቂት ከሆነ ይደክመዋል፣ ስኳሩ ይተርፋል። የተረፈው ስኳር ጠርሙስ ውስጥ ከታሸገ በኋላ እርሾው እንደገና ከተነሣ ደግሞ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። ለ20 ሊትር እንዲህ ያለ ቢራ አንድ የ11 ግራም ፓኬት እርሾ አይበቃም፤ ሁለት ጨምሩ።

ሙቀቱንም ነገር ልብ በሉ። እርሾ ሲሠራ ራሱ ይሞቃል፣ የባሕር ዳር ሚያዝያ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ከልክ ሲያልፍ መጠጡ አሴቶን አሴቶን ይሸታል። በርሜሉን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡና እርጥብ ጨርቅ አልብሱት። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከ22 ዲግሪ አላሳልፍም።

ሁለተኛውን ፓኬት ቀደን ጨመርን። እሑድ ጠዋት አረፋው ክዳኑን ገፍቶ ወጥቷል። ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ በርሜሉ አስጠጉ። ውስጡ ይንሿሿል።

«ፈልቷል እኮ!» አሉ። ጌሾው ከነፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር።