አሚሊን ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼ ስለ ኢንሱሊን የማይጠይቁት የለም፤ ብዙዎቹ ቤት ውስጥ መርፌውን የሚወጋ ዘመድ አላቸው። ከዚያው የቆሽት ቤታ ሴል ከኢንሱሊን ጋር አብሮ የሚወጣውን አሚሊንን ግን ስሙን እንኳ የሰማ እምብዛም አይገኝም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ስኳር በሽታን በደንብ ለመረዳት እሱም ያስፈልጋልና።

አሚሊን 37 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶች) ያሉት ትንሽ ሆርሞን ነው። ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያዘገያል፤ የጥጋብ ስሜትም ይሰጣል። በዚህ ሥራው የኢንሱሊን ደጋፊ ነው። ይሁን እንጂ ዓይነት 2 ስኳር ባለባቸው ብዙ ሰዎች ቆሽት ውስጥ ተጠላልፎ እንደ ክር ይጋገራል፤ አሚሎይድ የሚባለው ይህ ነው። ሐኪሞች ክምችቱን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በማይክሮስኮፕ አይተውት ነበር፤ ከምን እንደተሠራ የታወቀው ግን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

ዘረመሉ የሚገኘው በ12ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ነው። ሦስት ኤክሶኖች (በመጨረሻው መልእክት ውስጥ የሚቀሩ ክፍሎች) አሉት፤ በመካከላቸው ሁለት ኢንትሮኖች (ኋላ ተቆርጠው የሚወጡ ክፍሎች) ገብተዋል። የመጀመሪያው ኤክሶን ፕሮቲን አይሠራም፤ 37ቱ አሚኖ አሲዶች በሙሉ የተጻፉት በሦስተኛው ነው። ሴሉ መጀመሪያ የሚሠራው 89 አሚኖ አሲዶች ያሉት ረጅም ሰንሰለት ነው። ከፊቱ 22ቱ ሲቆረጡ 67 ይቀራል፤ ከዚያ ኢንሱሊንንም የሚያዘጋጁት ኢንዛይሞች ሁለቱን ጫፎች ከርክመው 37ቱን ያስቀራሉ።

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ የአይጥ ነገር ነው። የአይጥ አሚሊን ከእኛ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ነገር ግን በ25ኛው፣ በ28ኛውና በ29ኛው ቦታ ላይ ፕሮሊን የተባለ አሚኖ አሲድ አለው። ፕሮሊን ሰንሰለቱ ተደርድሮ እንዳይጣበቅ ስለሚያግድ የአይጥ ቆሽት አሚሎይድ አይሠራም። የድመት ግን እንደ ሰው ይሠራል፤ ድመትም ስኳር በሽታ ይይዛታል። ተመራማሪዎች እነዚያኑ ሦስት ፕሮሊኖች በሰው አሚሊን ላይ ተክተው ፕራምሊንታይድ የተባለውን መድኃኒት ሠሩ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

«ዘረመሉ ካለብኝ ስኳር ይይዘኛል ማለት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ግልጽ ነው፤ ዘረመሉ ሁላችንም ዘንድ አለ። በጃፓን አንዳንድ ታማሚዎች ላይ በ20ኛው ቦታ ሴሪን የተባለው አሚኖ አሲድ ግላይሲን በተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ተተክቶ ተገኝቷል፤ ይህ ለውጥ አሚሊኑን ቶሎ እንዲጋገር ያደርገዋል። አብዛኛው የዓይነት 2 ታማሚ ግን የሚይዘው ምንም ያልተለወጠውን ዘረመል ነው።