የእፅዋት ፕሮቲንን በኬሚካል ለውጦ ቁስ መሥራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፕሮቲኑ ከተለወጠ ውሃ ይቋቋማል»

በብዛት የሚያሳስተው ይህ ነው። ውጤቱን የሚወስነው በፕሮቲኑ ላይ የተጨመረው የአቶሞች ቡድን ዓይነት ነው። ለምሳሌ ሰክሲኒክ አንሃይድራይድ የተባለው ኬሚካል፣ ከፕሮቲኑ አሚኖ አሲዶች አንዱ የሆነውን የላይሲንን አሚኖ ቡድን ይዞ በምትኩ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ስለሚተው፣ ፕሮቲኑ ውሃን ይበልጥ ይስባል። ውሃ መጥጦ ለሚያብጥ ጄል ተመራጭ ነው፤ ለማሸጊያ ፊልም ግን አይሆንም።

አሠራሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። 5 ግራም የአኩሪ አተር ፕሮቲን በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 8 እስከ 8.5 ይደረጋል። አንሃይድራይዱ በትንሽ በትንሹ ይጨመራል። አሲድ ስለሚፈጠር ፒኤቹ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይንጠባጠባል። ፒኤቹ መውረዱን ሲያቆም ምላሹ አልቋል ማለት ነው። ፒኤቹን ለማርጋት ትሪስ ባፈር የተባለውን ውህድ መጠቀም አይሆንም፤ የራሱ አሚኖ ቡድን አንሃይድራይዱን ይሻማል። በመጨረሻ ፕሮቲኑን ለመሰብሰብ አሲድ ሲጨመር፣ ያልተለወጠው ፕሮቲን በፒኤች 4.5 ገደማ ይዘቅጣል፤ የተለወጠው ግን ከዚያ በታች ስለሚዘቅጥ፣ 4.5 ላይ ያቆመ ሰው ምርቱን ከውሃው ጋር ይደፋዋል።

«ማያያዣ ሲበዛ ፊልሙ ይጠነክራል»

እስከ ልክ ድረስ ብቻ። ማያያዣ የፕሮቲን ሰንሰለቶችን እርስ በርስ የሚያስተሳስር ኬሚካል ነው፤ ግሉታራልደሃይድ አንዱ ነው። ግሉታራልደሃይድ ሲበዛ ፊልሙ ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል፤ በአንድ ጊዜ ከተደፋ ደግሞ ፈሳሹ ሳይፈስ በዕቃው ውስጥ ይረጋል። ከፕሮቲኑ ክብደት 1 በመቶ መጀመር፣ አቅጥኖ እያማሰሉ ማንጠባጠብ ይሻላል። ከመርዛማነቱ የተነሳ ሥራው በጢስ መሳቢያ ሥር ይሁን፤ መነሻው ተክል መሆኑ ቁሱን ከአደጋ ነፃ አያደርገውም።

«ውሃ ውስጥ ክብደት የቀነሰ ፊልም ማያያዣው አልያዘም»

ለ100 ግራም ፕሮቲን ፊልሙን የሚያለሰልስ 40 ግራም ግሊሰሮል ከገባ፣ ከደረቁ ክብደት 29 በመቶ ያህሉ ግሊሰሮል ነው። ከፕሮቲኑ ጋር በኬሚካል ስላልተሳሰረ ሟሙቶ ይወጣል። ስለዚህ መለካት ያለበት ውሃው ውስጥ የወጣው ፕሮቲን ነው።

«ሙቀት ፕሮቲኑን ያበላሻል»

ለዚህ ሥራ የፕሮቲኑ እጥፋት በሙቀት መፈታቱ ጥቅም ነው። በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ሲሞቅ በእጥፋቱ ውስጥ የተደበቁት፣ ከኬሚካሎቹ ጋር የሚዋሃዱት ቡድኖች ይገለጣሉ።

«አንድ አሠራር ለሁሉም ፕሮቲን ይሠራል»

ዘይን የተባለው የበቆሎ ፕሮቲን ላይሲን የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚሟሟውም ውሃ በተቀላቀለበት ኤታኖል ነው። ላይሲንን ከሌላው አሚኖ አሲድ ከግሉታሚን ጋር የሚያያይዘው ትራንስግሉታሚኔዝ የተባለው ኢንዛይም እዚያ የሚይዘው አያገኝም።