«ለጅማ ከፍታ ኮምፒውተሩን አስተካክሉልኝ»፦ ስለ ነዳጅ ኢንጀክሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጅማ ከፍታዋ ስለሚለይ የነዳጁ ሴቲንግ መቀየር አለበት»

አዲስ አበባ የተገዛ መኪና ጅማ ያለው ጋራዣችን በገባ ቁጥር የምንሰማው ጥያቄ ነው። በካርቡራተር (ነዳጅና አየርን ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቅለው የድሮ ዕቃ) ዘመን ትክክል ነበር። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ከፍታ ላይ ነዳጅ ስለሚያበዛ መካኒክ በእጁ ይቀንሰዋል። ኢንጀክሽን (በኮምፒውተር የሚታዘዘው የነዳጅ አረጫጨት) ግን የሚገባውን አየር በሴንሰር እየለካ፣ ነዳጁን የሚረጨው ኢንጀክተር ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ራሱ ያሳጥራል፣ ያስረዝማል። መንገዱን አስቡት፦ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከወልቂጤ በኋላ ጊቤ በረሃ ሲወረድ ወደ 1,100 ይጠጋል፤ ከዚያ እንደገና ተወጥቶ ጅማ ከ1,700 በላይ። ሴቲንጉ በእጅ የሚቀየር ቢሆን መንገድ ላይ ስንቴ ቆመን ቦኔት በከፈትን!

የጉልበቱ ማነስ ግን እውነት ነው። የጅማ አየር ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ይደክማል። የጎደለውን አየር የሚተካ ሴቲንግ የለም።

«ነዳጅ ሲጨመር ጉልበት ይጨምራል»

እስከ ልኩ ብቻ። ቤንዚን በደንብ የሚነደው ለ1 ግራም 14.7 ግራም አየር ሲያገኝ ነው፤ ለሙሉ ጉልበት አየሩ ወደ 12.5 ግራም ይወርዳል። ነዳጁ ከዚያ ከበዛ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል።

«ቼክ ኢንጂን ከበራ ኮምፒውተሩ ይስተካከል»

ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ያንገበግበኛል። ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን (ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን) እያነበበ ነዳጁን በራሱ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ማስተካከያው ከ10 በመቶ ካለፈ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ባለፈው ክረምት «ፋይሉ (የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ተቀይሮለታል» የተባለ መኪና መጣልን። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ኮምፒውተሩ 22 በመቶ ይጨምራል፤ ዙሩ 2,500 ሲደርስ ወደ 4 ይወርዳል። እንዲህ ያለው ንባብ አየር ሾልኮ እየገባ መሆኑን ይናገራል፤ የተሰነጠቀች አንዲት የጎማ ቱቦ ነበረች። ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ዳገት ላይ የሚብስ ቢሆን ኖሮ የነዳጅ ፖምፓውንና ፊልትሮውን እናይ ነበር።

«ባትሪ ነቅሎ መመለስ ያድነዋል»

ኮምፒውተሩ የተማረውን ይረሳል፣ መብራቱ ይጠፋል። ቱቦው እንደተሰነጠቀ ስለሆነ ጥቂት ከተነዳ በኋላ መብራቱ ይመለሳል።

«ታዲያ ሴቲንግ መንካት ጭራሽ አያስፈልግም»

ያስፈልጋል፤ ተለቅ ያለ ኢንጀክተር ወይም ተርቦ ሲገጠም። ያኔ ግን ተራው የኦክስጅን ሴንሰር አይበቃም፤ ነዳጁ በዛ ወይም አነሰ ከማለት በቀር መጠኑን አይነግርም። መጠኑን በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ማርሚታው ላይ ተገጥሞ፣ መኪናው ጭነት ይዞ እየተነዳ መታየት አለበት። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ያማረ ሞተር ከጊቤ ወደ ጅማ የሚያወጣውን ዳገት ነዳጅ አንሶት ከወጣ ማንኳኳት (ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ያለ አግባብ መፈንዳት) ይጀምራል፤ ሹፌሩ ድምፁን ሳይሰማ ፒስተኑ ሊበሳ ይችላል።